የአሥር ዓመት ልምምድ እንዴት ይታቀዳል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን እንመልሳለን። ጸሐፊዎቹ በዕድሜም በደረጃም የማይገናኙ ሰዎች ቢሆኑም ጥያቄያቸው በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛል፤ ይኸውም በማርሻል አርት ልምምድ ለዓመታት የሚዘልቅ ግብ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፊ ማብራሪያ ስለሚጠይቅ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ቴኳንዶ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ስጀምር በሦስት ዓመት ውስጥ ጥቁር ቀበቶ እታጠቃለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ፣ ቀኑንም በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ቀኑ አለፈ፤ እኔ ግን አሁንም ቀይ ቀበቶ ላይ ነኝ። ባለፈው ፈተና ፑምሴ (በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች) ስሠራ ሚዛኔን ስቼ ተንገዳገድኩና ሳላልፍ ቀረሁ። አሠልጣኜም ‹የሚቀጥለውን ፈተና ተወው፤ ከዚያ ቀጥሎ ላለው ተዘጋጅ› አሉኝ። ከእኔ በኋላ የጀመሩ ልጆች ጥቁር ታጥቀዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ልምምድ ስሄድ እግሬ ይከብደኛል፤ አንዳንዱን ሳምንት ጭራሽ እቀራለሁ። ማቆም አልፈልግም፤ ነገር ግን ለምን እንደምሠራ ጠፋኝ። የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ግብ እንደሚያስፈልገኝ ይሰማኛል፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን አላውቅም። እባክዎ ይምከሩኝ።»

ቀይ ቀበቶ ነኝ ካሉ አንባቢ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርዎት የምፈልገው፣ የደረሰብዎት ነገር የስንፍናም ሆነ የተሰጥኦ ማነስ ምልክት አለመሆኑን ነው። ስሕተቱ ያለው ግድግዳው ላይ በለጠፉት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ቀበቶና ቀን ይዟል፤ ከሁለቱም አንዱ እንኳ በእጅዎ ያለ ነገር አይደለም። ቀበቶውን የሚሰጡት ፈታኞች ናቸው፤ የፈተናውን ቀን የሚቆርጠው ክለቡ ነው፤ ሰውነትዎ አንድን እንቅስቃሴ እስኪለምድ የሚፈጅበትን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ ልክክ አድርጎ የሚናገር ሰው የለም። በእጅዎ የነበረው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚለማመዱ፣ በልምምዱ ሰዓት ሐሳብዎን በምን ላይ እንደሚያሳርፉ፣ ከልምምድ ውጭም ሰውነትዎን እንዴት እንደሚይዙ ነበር። እነዚህ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ቦታ አላገኙም። ስለዚህ ቀኑ ሲያልፍ የሦስት ዓመት ከመንፈቅ ድካምዎ በአንድ ጀምበር ከንቱ የቀረ መሰለዎት።

ማዕረግ በሌሎች እጅ ያለ ነገር መሆኑን ለመረዳት የኬይኮ ፉኩዳን ሕይወት ማስታወስ ይበቃል። እኚህ ሴት የጁዶ መሥራች በሆኑት በጂጎሮ ካኖ ሥር ልምምድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። ችሎታቸው ሳይጎድል፣ ሴት በመሆናቸው ብቻ ከአምስተኛ ዳን፣ ማለትም ከጥቁር ቀበቶ አምስተኛ ደረጃ፣ እንዳያልፉ ለረጅም ዓመታት ታግደው ኖረዋል። የሚሠሩት ለማዕረጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ለማቆም በቂ ምክንያት ነበራቸው። እርሳቸው ግን መለማመዳቸውንም ማስተማራቸውንም አልተዉም፤ በአሜሪካ አሥረኛ ዳን የተሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ዕድሜያቸው 98 ደርሶ ነበር። ይህን የማነሣው የእርስዎ ፈታኞች በደል ፈጽመዋል ለማለት አይደለም። አንድ ሰው በሥራው ለመጽናት ከማዕረግ የተለየ መደገፊያ እንደሚያስፈልገው ለማሳየት ነው።

እርስዎ እንደ መጨረሻ ያዩት ጥቁር ቀበቶ በራሱ ምን እንደሆነም መመልከት ይገባል። የዳንን ሥርዓት ወደ ማርሻል አርት ያስገቡት ካኖ ናቸው፤ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1882 መሥርተው በዓመቱ ለሁለት ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን ዳን ሰጡ። ደረጃው በጃፓንኛ «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጉሙም የጅማሬ ደረጃ ማለት ነው። የሾዳን ባለቤት እንግዲህ ፊደል ቆጥሮ ጨርሶ ገና ማንበብ እንደጀመረ ተማሪ ነው። በቴኳንዶም ቢሆን የዳን ማዕረግ የሚሰጠው ኩኪዎን የተባለው ተቋም በአንዱ ዳንና በሚቀጥለው መካከል ማለፍ ያለበትን ጊዜ ወስኖታል፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ 2 ዓመት፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ 3 ዓመት፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ 4 ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። ሲደመር ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ዳን ያለው መንገድ 10 ዓመት ይፈጃል፤ ይህም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወድቁና ሳያቋርጡ ነው። በብራዚላዊው ጁጂትሱ ደግሞ የታወቀው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በሰማያዊ ቀበቶ 2 ዓመት፣ በሐምራዊ 1 ዓመት ከመንፈቅ፣ በቡናማ 1 ዓመት መቆየትን በዝቅተኛነት ይጠይቃል፤ እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ሰው ጥቁር ቀበቶ ላይ የሚደርሰው ከጀመረ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚህ ልክ ሲታይ የእርስዎ የአንድ ዓመት መዘግየት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገነዘባሉ። ቀድመውዎት የታጠቁት ልጆችም አሁን የቆሙት የዚያ የ10 ዓመት መንገድ በር ላይ ነው።

ታዲያ በአዲሱ ወረቀት ላይ ምን ይጻፍ? የእኔ ምክር፣ ግቡ በዓይን ሊታይ በሚችል ችሎታ ይጻፍ የሚል ነው። «ጎበዝ ተፋላሚ እሆናለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደስ ቢልም መድረስዎን ማንም ሊያረጋግጥልዎት አይችልም። ከዚያ ይልቅ እንዲህ ቢሉ ይሻላል፤ «ከአሥር ዓመት በኋላ እስከዚያ የተማርኳቸውን ፑምሴዎች በሙሉ ሚዛኔን ሳልስት እሠራለሁ፤ ከእኔ ከሚፈጥን ሰው ጋር ሳልደነግጥና እስትንፋሴ ሳይቆራረጥ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) አደርጋለሁ፤ ጀማሪን ከመጀመሪያው አቋቋም አንሥቼ ማስተማር እችላለሁ፤ ጉልበቴና ዳሌዬም ጤነኛ ሆነው ይቆያሉ።» የመጨረሻውን ሐረግ ብዙ ሰው ይዘለዋልና እርስዎ እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ። ጤናን በግቡ ውስጥ ያላካተተ የአሥር ዓመት ዕቅድ ሁለተኛውን ዓመት ሳይጨርስ ሊቋረጥ ይችላል።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። በ24 ዓመቴ ለፈተና ሁለት ወር ሲቀረኝ የልምምድ ቀኖቼን ከሦስት ወደ ስድስት አሳደግኩ፤ ዝላይ ያለባቸውን ርግጫዎች ቀን በቀን እደጋግም ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ከጉልበቴ ሎሚ ሥር የሚወጋ ሕመም ተሰማኝ። ደረጃ ስወጣ ደኅና ነበርኩ፤ ስወርድ ግን የደረጃውን መደገፊያ ካልያዝኩ አልችልም ነበር። ያን ጊዜ ያሠለጥነኝ የነበረው ሰው «ቻለው፣ ሲሞቅ ይለቅሃል» ይለኝ ነበር፤ እኔም ሕመሙን ደብቄ ተፈተንኩ፤ አለፍኩም። ከዚያ በኋላ ግን ስምንት ወር ሙሉ አንድም ርግጫ መራገጥ አልቻልኩም። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ደም እንደ ልብ ስለማይደርሰው ለአዲስ ጫና የሚዘጋጀው በወራት ነው። ስለዚህ ሰው ጡንቻው በረታ ብሎ ልምምዱን ሲያከብድ ጅማቱ ገና ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። የረጅም ጊዜ ዕቅድ ዋና ጥቅሙም በእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ለአካል የሚያስፈልገውን ጊዜ ይሰጠዋል።

የአሥር ዓመቱን ግብ ከጻፉ በኋላ በየቀኑ ሊያዩት አይገባም። ሩቅ ስለሆነ ዛሬ ማታ ምን እንደሚሠሩ አይነግርዎትም። ከእርሱ ሥር በዓመቱ ውስጥ እንዲሻሻሉ የሚፈልጓቸውን ሁለት ወይም ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ አንዱን ብቻ መርጠው ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ይያዙት። ሦስት ወር የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለውጥ ለማየት የሚበቃ፣ ሳይሰለቹ ለመዝለቅም የማይረዝም ጊዜ ስለሆነ ነው። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ለማረም የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዱንም ሳያርም ይቀራል።

የእርስዎን ችግር ለምሳሌ እንውሰድ። ሚዛንዎን የሳቱት በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሆነ አልጻፉልንም፤ ብዙ ሰው የሚንገዳገደው በጎን ርግጫ፣ በዮፕ ቻጊ ላይ ስለሆነ እርሱ ነው ብለን እናስብ። የተንገዳገደ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በሚራገጥበት እግር ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ በቀረው እግር ነው። ጉልበት ወደ ደረት ተነሥቶ እግር ሲዘረጋ የቆመው እግር ተረከዝ ወደ ዒላማው መዞር አለበት። ተረከዙ ካልዞረ ዳሌ አይከፈትም፤ ዳሌ ካልተከፈተ ደግሞ ሰውነት ወደ ኋላ ይጎተታል፤ የመጠምዘዙን ጫናም የቆመው ጉልበት ይሸከመዋል። ስለዚህ የሦስት ወር ግብዎ ይህ ተረከዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ወር አንድ እጅዎን ግድግዳ አስደግፈው፣ ጉልበት ለማንሣት አምስት ሰከንድ፣ እግር ለመዘርጋት አምስት ሰከንድ፣ አጥፎ ለመመለስ አምስት ሰከንድ እየወሰዱ በእያንዳንዱ እግር አምስት አምስት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሥሩ። የእግሩ ከፍታ ከወገብ ባያልፍም ግድ የለም። በሁለተኛው ወር እጅዎን ከግድግዳው ያንሡ። በሦስተኛው ወር ርግጫውን በፑምሴው ውስጥ በራሱ ፍጥነት ያስገቡት። በመጨረሻ ራስዎን ሲፈትኑ የሚያዩት አንድ ነገር ይሁን፤ ርግጫውን ዘርግተው ለሁለት ሰከንድ ከያዙ በኋላ እግርዎን ያሳረፉት አስቀድመው ባሰቡት ቦታ ነው ወይስ ክብደትዎ በወሰደዎት ቦታ? ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ፈታኝ አያገኙም።

ይህን ለመከታተል ትንሽ ደብተር ይያዙ። ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ «ማክሰኞ፤ ግራ እግር አምስት ጊዜ፣ ሦስቱ ተሳክተዋል፤ ተረከዜ የዞረው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀኝ ጉልበቴ ደኅና ነው፤ ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም» የሚል ማስታወሻ ይበቃል። እንቅልፍን የጨመርኩት ሰውነት የሚጠገነው በዕረፍት ስለሆነ ነው፤ ከወራት በኋላ ገጾቹን ሲያገላብጡ መጥፎ ያሏቸው የልምምድ ቀኖች ካልተኙባቸው ሌሊቶች ጋር ገጥመው ሊያገኟቸው ይችላሉ። በየሦስት ወሩም ያንኑ ፑምሴ ከአንድ ቦታና ከአንድ አቅጣጫ ሆነው በስልክ ይቅረጹት። ሰው ዕድገቱን ከቀን ወደ ቀን አያየውም፤ በጥርና በመስከረም የተቀረጹ ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን አድርጎ ሲመለከት ግን ተስፋ መቁረጡ መሠረት እንዳልነበረው ይረዳል። አንዳንዴም በተቃራኒው ተሻሽሏል ያለው ነገር እንዳለ መቆየቱን ያያል፤ ይህም የሚቀጥለውን የሦስት ወር ሥራ ይጠቁመዋል።

ስለሚቀሩባቸው ሳምንታት ጽፈውልኛል። ለዚህ የሚረዳው ሁለት ልክ ማበጀት ነው። አንደኛው ሁሉ ነገር በተመቸ ሳምንት የሚሠሩት ሙሉ ልምምድ ነው። ሁለተኛው ሥራ ሲበዛ፣ ሐዘን ሲያጋጥም ወይም ልብ ሲከፋ እንኳ የማይጎድል ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ለምሳሌ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ክለቡ መሄድና በቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያን የጎን ርግጫ በዝግታ መሥራት። ዝቅተኛውን ልክ የፈጸሙበት ሳምንት በዕቅዱ መሠረት ያለፈ ሳምንት ነውና ራስዎን አይውቀሱ። በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ሳምንታት መምጣታቸው አይቀርም፤ ልምምድን እስከ መጨረሻ የሚያስተወው ግን የቀሩበት ሳምንት ሳይሆን እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ለመመለስ ማፈር ነው። ስንት ተስፋ የነበራቸው ሰልጣኞች በዚህ እፍረት ምክንያት በዚያው እንደቀሩ ስላየሁ ይህ ነገር ዛሬም ያሳዝነኛል።

አሠልጣኝዎ የነገሩዎትን ቃልም እንደገና ያስቡበት። ከሚቀጥለው በኋላ ላለው ፈተና ተዘጋጅ ማለታቸው አትችልም ማለት አይመስለኝም፤ ጊዜ ሰጥተውዎታል። ከልምምድ በኋላ ጠጋ ብለው «በፈተናው ያጎደልኩት ምንድን ነው? አንዱን ብቻ ላርም ብል የትኛውን ላስቀድም?» ብለው ይጠይቋቸው። «መቼ ነው የማልፈው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ይህኛው የሚጠቅም መልስ ያስገኝልዎታል። ጥቁር ቀበቶውን ደግሞ ከዕቅድዎ መሰረዝ የለብዎትም። በመንገዱ ላይ እንዳለ አንድ ምዕራፍ ይጻፉት፤ ቀን ብቻ አይጻፉበት። አሮጌውን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ያንሡትና በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ውስጥ ያስቀምጡት።

ጥያቄ

«የ51 ዓመት ሴት ነኝ። ካራቴ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። አብረውኝ የሚሠሩት በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው። ልምምዱን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን በእኔ ዕድሜ የአሥር ዓመት ግብ አወጣለሁ ማለት ሰው የሚስቅበት ነገር አይሆንም ወይ?»

አርፍጄ የጀመርኩ ካሉ አንባቢ

መልስ

እመቤት፣ የሚያስቅ ነገር የለበትም። ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ቶኪዮ ወስደው ያስተዋወቁት ጊቺን ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለዱ ሲሆን ቶኪዮ የገቡት በ1922 ነው፤ የ53 ዓመት ሰው ነበሩ ማለት ነው። እርሳቸው በእርግጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተለማመዱ ስለነበሩ የእርስዎ ጉዳይ ይለያል፤ ቢሆንም በሕይወታቸው ትልቁን ሥራ የጀመሩት ሌላው ሰው ማረፍ በሚያስብበት ዕድሜ መሆኑን ልብ ይበሉ። ዛሬም በቴኳንዶ የዓለም የፑምሴ ሻምፒዮና ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ተወዳዳሪዎች የተለየ ምድብ አለ፤ በጁዶም ከ30 ዓመት በላይ ላሉት በየአምስት ዓመት ዕድሜ የተከፈለ የአንጋፋዎች ውድድር ይካሄዳል።

የእርስዎ ግብ ግን ከወጣቶቹ ግብ ጋር አንድ መሆን የለበትም። በአሥር ዓመት ውስጥ 61 ዓመት ይሆንዎታል። በዚያ ዕድሜ ሰውነትዎ ምን እንዲችል ይፈልጋሉ? ከወለል ያለ እጅ እርዳታ መነሣት፣ በአንድ እግር ቆሞ ጫማ ማሰር፣ በድንገት ቢንሸራተቱ ሳይሰበሩ መውደቅ፣ ሦስት ወይም አራት ካታዎችን (በቅደም ተከተል የሚሠሩ የካራቴ እንቅስቃሴዎችን) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሩ አቋቋም መሥራት። እነዚህን ወደ ግብ ከቀየሯቸው ካራቴው በሕይወትዎ ውስጥ ሥር ይሰድዳል። የርግጫ ከፍታ አያሳስብዎ፤ በወገብ ልክ የሚያርፍ ትክክለኛ የፊት ርግጫ ዳሌን አጣሞ ወደ ፊት ከሚወረወር ርግጫ እጅግ ይበልጣል።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። ከከባድ ልምምድ በኋላ የሚያስፈልግዎ ዕረፍት ከሃያ ዓመት ልጅ ይረዝማል፤ ስለዚህ ተከታታይ ሁለት ቀን ከመሥራት በመካከል አንድ ቀን ማረፍን ልማድ ያድርጉት፤ ከካራቴው ጎን ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ እግርን፣ ጀርባንና ትከሻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምሩ። በዚህ ዕድሜ የሴቶች አጥንት መሳሳት ስለሚጀምር ክብደት የሚሸከም እንቅስቃሴ ለአጥንትም ይጠቅማል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለብዎት ደግሞ ዕቅዱን ከማክበድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ከወጣቶች ጋር ስፓሪንግ ሲያደርጉም ፍጥነቱ እንዲቀንስ በግልጽ ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ለእነርሱም ኃይላቸውን መቆጣጠር የሚማሩበት ዕድል ነው።

ጥያቄ

«የ9 ዓመት ልጄ ካራቴ ይሠራል። አሠልጣኞቹ ተሰጥኦ አለው ይላሉ። ኦሊምፒክ ላይ እንዲደርስ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ከአሁኑ በሳምንት ስድስት ቀን እንዲሠራና ክብደቱን እንዲጠብቅ አድርጌያለሁ። በቅርቡ ግን ወደ ልምምድ ስወስደው ሆዴን አመመኝ እያለ ያለቅሳል። ግቡን እንዳይለቅ እንዴት ላበረታታው?»

አንድ አባት

መልስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስለ ኦሊምፒኩ ያለውን እውነታ ልንገርዎ። ጁዶ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ቴኳንዶ በይፋ የሜዳሊያ ውድድር የሆነው በ2000 ነው። ካራቴ ግን የታየው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ብቻ ነው፤ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ አልተካተተም። ዕድሜ ልካቸውን ለዚያ መድረክ የተዘጋጁ ካራቴካዎች ምንም ሳያጠፉ መድረኩ ከፊታቸው ተነሥቷል። የ9 ዓመት ልጅን ሙሉ የልጅነት ጊዜ በእንዲህ ያለ፣ በሌሎች ውሳኔ በሚከፈትና በሚዘጋ በር ላይ ማንጠልጠል ልክ ነው ብዬ አላምንም።

ከዚያም በላይ የልጅዎ ሆድ ሕመም ያሳስበኛል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙ ምንም ካላገኘበት ደግሞ ልጁ በአፉ ሊነግርዎ ያልቻለውን በሆዱ እየነገረዎት ሊሆን ይችላል። የልጆች አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የሚያድገው ክፍል ገና አልጠነከረምና ሳይበቃው በሚደጋገም ጫና ሊጎዳ ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ በሳምንት ስድስት ቀን አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ መደጋገም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ክብደቱን እንዲጠብቅ ማድረግን ግን ዛሬውኑ ይተዉት፤ የሚያድግ ልጅ ለውድድር ምድብ ተብሎ ምግብ ሊቀነስበት አይገባም፤ በዚህ ላይ የማመቻመች ሐሳብ የለኝም።

ለልጅ የረጅም ጊዜ ግብ ካስፈለገ አንድ ነው፤ 16 ዓመት ሲሞላው ልምምዱን አሁንም ወድዶ የሚሠራ ሆኖ እንዲገኝ። ለዚህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃዋል። በቀሩት ቀኖች ይሩጥ፣ ኳስ ይጫወት፣ ይዋኝ፤ ከእነዚህ የሚያገኘው ፍጥነትና ሚዛን ወደ ካራቴው ይመለሳል። በ16 ዓመቱ «ለውድድር መዘጋጀት እፈልጋለሁ» ካለ ያን ጊዜ ግቡ የራሱ ነው፤ እርስዎም ከጎኑ ይቆማሉ። እስከዚያው ከልምምድ ሲወጣ «አሸነፍክ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ የተማርከውን እስቲ አሳየኝ» ይበሉት፤ ሲያሳይዎትም ሳያርሙት እስከ መጨረሻው ይመልከቱት።